ቆሞ የተለካ ጎማ፦ «ጎማ አሳድግ፣ ቸርኬ አስፋ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዘዋወር ከርሟል። ፒክአፕ ያለው ሁሉ ለጓደኛው እየላከው ነው፤ ጎማና ቸርኬ ሻጮችም የገዢ ማሳመኛ አድርገውታል። አጻጻፉ ጥሩ ነው፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ። ነገር ግን እሱን አምኖ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው፣ ደህና የነበረውን መኪና ከነበረበት በታች አውርዶ ሊያገኘው ይችላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን እንዳሉት እናስቀምጠው። ምሳሌ ያደረጉት ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ሒሉክስ ነው። ፋብሪካው ያሰረለት 265/65 አር 17 ጎማ (ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች) ወጥቶ 285/70 አር 17 ይግባ፤ ቸርኬውም ከ7.5 ኢንች ወደ 9 ይስፋ፣ ኦፍሴቱ (ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበት ልክ፣ በሚሊ ሜትር) ከ30 ወደ ዜሮ ይውረድ ይላሉ። ይህን ያደረገ ሰው የሚያገኘውን እንዲህ ይዘረዝራሉ፦ መኪናው ከፍ ስለሚል ሆዱን ድንጋይ አይነካውም። ጎማው ሰፊ ስለሆነ በጭቃም፣ በአሸዋም፣ በእርጥብ አስፋልትም የተሻለ ይይዛል። ቸርኬው ወደ ውጭ ስለወጣ መኪናው ይረጋጋል፣ መገልበጥ ይቀንሳል። ሞተሩ ቱርቦ ስላለው ክብደቱ አይሰማውም። ጎማው የሚነካካው ነገር ቢኖር ባለ ሁለት ኢንች ሊፍት ኪት (መኪናውን ከጎማው በላይ ከፍ የሚያደርግ ዕቃ) ይፈታዋል። የድሮው ጎማ ደግሞ ለስኮርት (ለመለዋወጫ ጎማ) ይበቃል።

ፎቶዎቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው የጽሑፉን ችግር እዚያው ያገኘዋል። መኪናው ለጥ ባለ ኮብልስቶን ላይ ቆሟል፣ ጭነቱ ባዶ ነው፣ መሪው ቀጥ ብሏል። ሁሉም ነገር የተለካው በዚያ ሁኔታ ነው። ጎማ ግን የሚፈተነው መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ፣ ሞላው ተጨፍልቆ፣ ጭነት ተጭኖ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው።

በከፍታው ልጀምር፤ ይህ ቀላሉ ነው። 265/65 አር 17 ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 776 ሚሊ ሜትር ነው፤ 285/70 አር 17 ደግሞ 831። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጸሐፊው ይህን «ከሁለት ኢንች በላይ ከፍታ» ብለውታል። የጎማው መሐል ከመሬት የሚርቀው ግን በልዩነቱ ግማሽ ብቻ ነው፣ ማለትም 27 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሌላው ግማሽ ወደ ፓራፋንጎው ይወጣና የሚነካካውን ነገር ያመጣል። አንድ ነገር ግን በትክክል ተናግረዋል፦ የኋላውን ዲፈረንሻል ከመሬት የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ሊፍት ኪት ሻንሲውን ያነሳል እንጂ ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ ስላለ ባለበት ይቀራል። ድንጋይ የሚመታው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እሱኑ ነው። ስለዚህ 27 ሚሊ ሜትር እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ሁለት ኢንች ግን አይደለም።

ወደ ስፋቱ ስንመጣ ጽሑፉ ይበልጥ ይሳሳታል። «ሰፊ ጎማ ሁሉም ቦታ ይይዛል» የሚለውን ለመመለስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚህ አገር እስከ ገጠሩ ጥግ ሲመላለስ የኖረው የሥራ መኪና ባለ 7.50 አር 16 ጎማ ላንድክሩዘር ነው። ያ ጎማ ከፍታው 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ቀጭን ነው፤ የሚታሰረውም 5.5 ኢንች ስፋት ባለው የብረት ቸርኬ ላይ ነው። ስፋት ብቻውን ቁም ነገር ቢሆን ኖሮ ያ መኪና ከከተማ ባልወጣ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጎማ መሬት ላይ የሚያርፍበት ቦታ በዋናነት የሚወሰነው በክብደቱና በንፋሱ ልክ ነው። ንፋሱ ሳይነካ ጎማው ቢሰፋ አሻራው ወደ ጎን ይሰፋል፣ በርዝመቱ ግን ያጥራል። ከላይ ስስ ጭቃ ኖሮ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ካለ ቀጭኑ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን ይረግጣል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። በክረምት ውኃ የቋጠረ አስፋልት ላይም እንዲሁ ነው፦ ሰፊ ጎማ ብዙ ውኃ ወደ ጎን መግፋት ስላለበት ፍጥነት ሲጨምር ቶሎ ይንሳፈፋል፣ ጥርሱ ካለቀ ደግሞ ይብሳል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አሸዋ ነው፤ የአፋር አሸዋ ላይ ትልቅ ጎማ ይረዳል። እዚያም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው ንፋስ መቀነሱ ነው። ከ35 ፒኤስአይ ወደ 18 ሲወርድ አሻራው በርዝመቱ ይዘረጋል፤ መኪናው አሸዋው ላይ የሚቀመጠውም በዚያ ነው። እዚህ ላይ ሰፊው ቸርኬ ጠላት ይሆናል። ለ285/70 አር 17 የሚፈቀደው የቸርኬ ስፋት ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ነው። 9 ኢንች የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ የጎማው ግድግዳ ወደ ውጭ ተወጥሮ ይቆማል። ንፋስ ሲቀነስ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው የመሾለክ ዕድሉ ይጨምራል፣ የቸርኬው ከንፈርም ተገልጦ ለድንጋይ ይሰጣል። ለድንጋይ ብቻም አይደለም። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የእግረኛ መንገድ ጠርዞች ስል ናቸው፤ ፒያሳና አራት ኪሎ ጎን ይዞ የሚያቆም ሰው ጎማው ሳይነካ ቸርኬውን ሲፍቀው ይሰማዋል። ባለ 7.5 ወይም ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ላይ ግን ያው ጎማ በትንሹ ይቆለመምና ጠርዙን ራሱ ይሸፍነዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ኦፍሴቱ። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሃቡ (ቡሎኖቹ የተተከሉበት ክፍል) ላይ ከሚያርፍበት ገጽ እስከ ስፋቱ መሐል ያለው ርቀት ነው። ፋብሪካው 7.5 ኢንች ከ30 ኦፍሴት ጋር ሰጥቷል። 9 ኢንች ከዜሮ ጋር ሲታሰር ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል፦ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ጨመረ፣ ግማሹ 19 ነው። የጎማው መሐል ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጣ። ስለዚህ የቸርኬው የውጭ ጠርዝ 49 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ የውስጥ ጠርዙም ከሞላውና ከብራቾው (ጎማውን ከሻንሲው ጋር ከሚያያይዘው ክንድ) 11 ሚሊ ሜትር ይርቃል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት በ60 ሚሊ ሜትር ያድጋል። መኪናው በእርግጥ ሰፋ፤ በጎን ተዳፋት ላይ መረጋጋቱም አይካድም፣ ጸሐፊው ዋሽተው አይደለም።

ዋጋው ግን በጽሑፉ የለም። የፊት እግር ኩሽኔታ የተሠራው የጎማው መሐል ከፋብሪካው መስመር ላይ እንዲያርፍ ታስቦ ነው። መሐሉ 30 ሚሊ ሜትር ሲወጣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ኩሽኔታውን የሚመታው በረዘመ ክንድ ነው። መሪውም ይለወጣል። መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው የሚዞርበት መስመር መሬት ላይ ከጎማው መሐል ስለሚርቅ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው ከእጅ ላይ ይነጠቃል፤ አንዱ ጎማ ውኃ ውስጥ ሌላው ደረቅ ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ ጎን ይጎትታል። ቀድመው የሚለቁት ቴስቲኒዎቹ (የመሪው ክንድ ጫፎች) ናቸው። ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ስለሚቀር ደግሞ ጭቃውና ጠጠሩ በሩንና መስታወቱን ይቀባል፤ ከኋላ የሚመጣውንም መኪና ይመታል። ፓራፋንጎ ማስፊያ መግጠም ቆሻሻውን ይቀንሳል፣ ኩሽኔታውን ግን አይረዳውም። ስፔሰርም (በሃቡና በቸርኬው መካከል የሚገባው ወፍራም ቀለበት) በዚህ በኩል ከዜሮ ኦፍሴት የተለየ ነገር አይደለም፤ 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር የፋብሪካውን ቸርኬ ያንኑ ያህል ያወጣዋል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሊላላ የሚችል ሁለተኛ ረድፍ ዳዶ ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ጽሑፉ በአንድ መስመር ያለፈው ነገር ነው፦ «ስድስት ቀዳዳ ስለሆነ ዝም ብሎ ይገጥማል።» አይገጥምም። የሒሉክስ ስድስቱ ቀዳዳዎች 139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ናቸው፤ የሚትሱቢሺ ኤል 200 እና የኒሳን ፓትሮልም እንዲሁ። ልዩነቱ የመሐሉ ቀዳዳ ነው። የቶዮታው 106 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኤል 200 67፣ የድሮዎቹ ፓትሮሎች 110 ገደማ። የኤል 200 ቸርኬ ጭራሽ አይገባም። የፓትሮሉ ይገባል፤ የሚያሳስተውም ይሄ መግባቱ ነው። መሐሉ ስለሚሰፋበት ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስቀምጡት ሃቡ ሳይሆን ቡሎኖቹ ብቻ ይሆናሉ፣ በትንሹም ቢሆን ከመሐል ወጥቶ ሊታሰር ይችላል። ከዚያ በኋላ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጎሚስታው ደጋግሞ ባላንስ ቢሠራው አይጠፋም፣ ምክንያቱም የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን በራሱ ኮን መሐል ላይ አስሮ ነው የሚያዞረው። መፍትሔው ልዩነቱን የሚሞላ ቀለበት ነው፤ ያ ካልተገኘ ቸርኬውን መተው።

ዳዶው ይከተላል። የቶዮታ የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ እንደ ኮን የሾጠጠ ነው። የፋብሪካው አሎይ ቸርኬ ዳዶ ደግሞ አንገቱ ረዘም ብሎ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነው። ከውጭ የሚመጡት ሰፋፊ ቸርኬዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ኮኑን ነው። ገዢው የድሮውን ባለ ሮንዴላ ዳዶ ይዞ ይመጣና እሱ ይታሰርለታል። ሮንዴላው የሾጠጠው ቀዳዳ አፍ ላይ በጠርዙ ብቻ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ መፍቻውም «ጠበቀ» ይላል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አሉሚኒየሙ ይበላና ዳዶው ይላላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ዳዶውን አውጥቶ የተቀመጠበትን ቦታ ማየት። ክቡ ዙሪያውን እኩል ካበራ ደህና ነው። ቀጭን ቀለበት ወይም ግማሽ ጨረቃ ብቻ ካሳየ ዳዶው የዚያ ቸርኬ አይደለም።

ስንት ዙር እንደሚይዝም ይቆጠር። የሒሉክስ ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መያዝ አለበት፤ ያ ማለት በእጅ ሲገባ ስምንት ሙሉ ዙር። የአንዳንዱ አሎይ ቸርኬ ገጽ ወፍራም ስለሆነ አምስት ወይም ስድስት ዙር ላይ ይቆማል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይታወቅም። ከዚያ በአየር መፍቻ እስኪጮህ ማጥበቅ ሳይሆን በመስቀል ቅደም ተከተል በእጅ አጥብቆ፣ መጨረሻውን የመኪናው መጽሐፍ ባዘዘው ልክ በቶርክ መፍቻ መዝጋት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጥበቅ። አዲስ አሎይ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ዳዶውም ትንሽ መላላቱ አይቀርም።

አራተኛው ነጥብ «ቱርቦ ስላለው አይሰማውም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ምክሩ ከየት እንደመጣ ያስታውቃል። ሳይድ ባይ ሳይድ የሚባሉ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ የአሸዋ መኪኖች አሉ። ክብደታቸው ከ600 እስከ 800 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ካምቢዮአቸው በቀበቶ የሚሠራ ነው፣ የእግራቸው እንቅስቃሴ 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የእነሱ ባለቤቶች ጎማ ሲያሳድጉ የሚያሳዩት ቪዲዮ ያምራል። ነገር ግን እነሱም ጎማ ካሳደጉ በኋላ የፍሪሲዮናቸውን ክብደቶችና ስፕሪንግ ይቀይራሉ፤ ያላደረገው ቀበቶውን ያቃጥላል። አንድ ቶን ጭኖ ደሴ የሚሄድ ሒሉክስ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ የሚቀየር የቀበቶ ክብደትም የለውም።

ሒሳቡን እንየው። ጎማው በ7 በመቶ ሲያድግ መሬት ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ6.6 በመቶ ይቀንሳል። የዲፈረንሻሉ የማርሽ ምጥጥን 3.9 የነበረ መኪና 3.64 እንደተገጠመለት ያህል ይሆናል። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ይህ ይታለፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌላቸው የድሮዎቹ 2.8 እና 3.0 ዲዝል ሒሉክሶች እዚህ ከጉልበታቸው ሩብ የሚጠጋውን ገና ከቤት ሳይወጡ አጥተዋል። ባለ ቱርቦው ይሻላል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን ቱርቦ የሚነፋው ሞተሩ ዙር ሲያገኝ ነው፤ ከዚያ በታች እሱም ቱርቦ እንደሌለው ነው። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ፣ ትራፊክ ይዞት አቀበቱ ላይ የቆመ መኪና ሲነሳ የሚያስፈልገው ያ ታች ያለው ጉልበት ነው። ትልቁ ጎማ በእኩል ፍጥነት የሞተሩን ዙር ስለሚቀንስ ቱርቦው በሚተኛበት ክልል ውስጥ ረዘም አድርጎ ያቆየዋል። ሹፌሩ ይህን የሚያካክሰው ፍሪሲዮኑን በማንሸራተት ነው። ሽታው ይመጣል፣ ፍሪሲዮኑም ያለ ጊዜው ያልቃል።

ክብደቱም አለ። የፋብሪካው ጎማ 17 ኪሎ ገደማ ነው፤ 285/70 ኤልቲ የሚባለው ከባድ ጎማ እንደ ብራንዱ 25 ኪሎ ይደርሳል። ስምንቱ ኪሎ የተጨመረው ጭነቱ ላይ ሳይሆን በሚሽከረከረው ክብ ዳር ስለሆነ፣ ለማስነሳትም ለማቆምም ጭነት ላይ ከተቀመጠ ክብደት የበለጠ ያስቸግራል።

ስለ ፍሬን ጽሑፉ አንድም ቃል የለውም፤ ከሁሉም የሚያስገርመው ይህ ነው። ፍሬን ሸራው የሚይዝበት ዲስክ አላደገም፣ ጎማው ግን አድጓል። ያው የእግር ግፊት መሬት ላይ የሚያሳርፈው የማቆም ኃይል በ6.6 በመቶ ያንሳል፣ ከዚያ ላይ የከበደው ጎማ አለ። በሞተር መያዝም እንዲሁ ይዳከማል፣ ምክንያቱም ማርሹ ሁሉ «ረዝሟል»። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው በፊት በሦስተኛ ማርሽ ይይዘው የነበረውን አሁን በፍሬን ይይዘዋል። ፍሬኑ ይግላል፣ ፈሳሹ የቆየና ውኃ የሳበ ከሆነ ይፈላል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። ጎማ ያሳደገ ሰው ከሁሉ በፊት የፍሬን ፈሳሹን ይቀይር፣ የኋላውን ታምቡር አስከፍቶ ሸራውን ያስተያይ፤ ቁልቁለት ላይም ከልማዱ አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ ይውረድ።

በነዳጅ በኩል ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። ሰዎች ትልቅ ጎማ አስረው «ነዳጅ ጨመረብኝ» ሲሉ ከጭማሪው ከፊሉ የቆጣሪው ስሕተት ነው። መኪናው 500 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆጣሪው 467 ብቻ ያነባል። 55 ሊትር ከጠጣ እውነቱ በሊትር 9.1 ኪሎ ሜትር ነው፣ በቆጣሪው ሲሰላ ግን 8.5 ይመጣል። የፍጥነት መለኪያው ነገር ሌላ ነው። 80 ሲያሳይ እውነተኛው 85 ያልፋል። ፋብሪካዎች መለኪያውን ትንሽ ከፍ አድርገው እንዲያነብ ስለሚሠሩት ከፊሉ ይጣፋል፤ ሁሉም ግን አይጣፋም። በስልክ ጂፒኤስ አስተያይቶ ልዩነቱን ማወቅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሊፍት ኪት መነካካትን ይፈታል የሚለው ከሁሉ በላይ የተስፋፋ ስሕተት ነው። ሊፍት ኪት መኪናው የሚቆምበትን ከፍታ ይለውጣል። ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨፈለቅ ጎማው የሚደርስበትን ቦታ ግን አይለውጥም፣ መጨረሻ ላይ የሚመታው ጎሚኒ (የላስቲክ ማቆሚያ) ካልረዘመ በቀር። ጎማው ቆሞ ሳለ ክፍት ቦታ ይታያል፣ ጉድጓድ ሲገባ ያው ቦታ ይመታል። ከዚህም በላይ የሒሉክስ የፊት እግር ከሁለት ኢንች በላይ ሲነሳ ሲቪ ጆይንቱ (ጉልበት ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው መጋጠሚያ) በተጠማዘዘ ማዕዘን ይሠራል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል። ሊፍት የተደረገለት መኪና አላይመንት ሳይሠራለት አንድ ቀን መነዳት የለበትም፤ ጎማው ከውስጥ ወይም ከውጭ በኩል በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልቃል።

ኦፍሴቱ እዚህም ይመለሳል። ዜሮ ኦፍሴት ከውስጥ የብራቾውን መነካካት ይፈታል፤ እውነት ነው፣ 11 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ከውጭ ግን ጎማው ሲዞር የሚያካልለው ክብ ይሰፋል፤ ከፊት የባምፐሩን ማዕዘን፣ ከኋላ ደግሞ በበሩ ሥር የቆርቆሮዎቹ መገጣጠሚያ ያለበትን ጠርዝ ይነካል። አንዱ መድኃኒት የሌላው በሽታ ነው።

መነካካቱን መፈተኛው ይህ ነው። አንዱ የፊት ጎማ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ መወጣጫ ላይ ይውጣ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው። የጎማው ሁለት ትከሻዎች ዙሪያውን በነጭ ጠመኔ ይቀቡ። ሁለት ሰው ባምፐሩ ላይ ይቁም። ሞተሩ በርቶ መሪው ቀስ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ይዙር፣ ከዚያ መወጣጫው ወደ ሌላው ጎማ ይዛወርና ይደገም። ጠመኔው የቀባው ቦታ በባትሪ ይፈለግ፦ የባምፐሩ ጀርባ፣ የላስቲክ ሽፋኑ፣ የጭቃ ላስቲኩ ማሰሪያ፣ ሻንሲው። ላስቲክ ከነካ ማሞቅና ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል። የቆርቆሮ ጠርዝ ወይም ብሎን ከነካ ግን ያ ጎማ ለዚያ መኪና አይደለም፤ ጠርዙን በመዶሻ መደብደብ ዝገት ከመጥራት ሌላ ትርፍ የለውም። ጠመኔ ባይቀባም ሁለት ጣት የማያስገባ ክፍተት አይታመን፤ ጭቃ በጎማው ላይ ሲደርብ ያን ክፍተት ይሞላዋል።

ንፋሱን በተመለከተ «በሩ ላይ የተጻፈውን ይሙሉ» የሚለው ምክር ለፋብሪካው ጎማ ብቻ የሚሠራ ነው። ኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከተለመደው ጎማ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። ልኩን ለማግኘት ጎማው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የጠመኔ መስመር አስምሮ ቀጥ ባለ ደረቅ አስፋልት ላይ 100 ሜትር መንዳት ነው። መሐሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፣ ዳሮቹ ብቻ ከጠፉ አንሷል። ባዶውንም ጭነት ይዞም ይሞከር፣ ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ።

ለመሆኑ ጎማ ጭራሽ አይነካ ማለት ነው? አይደለም። 265/70 አር 17 አለ፤ ከፍታው 803 ሚሊ ሜትር ነው። ዲፈረንሻሉን 13 ሚሊ ሜትር ያነሳል፣ ማርሹን የሚያረዝመው በ3.4 በመቶ ብቻ ነው፣ የፍጥነት መለኪያውንም ወደ እውነቱ ያቀርበዋል። የፋብሪካው 7.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ያለ ምንም ለውጥ ይታሰራል፣ ምክንያቱም የሚፈቀድለት ከ7 እስከ 9 ነው። ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ኤቲ (ለአስፋልትም ለገጠር መንገድም የሚሆን) ጎማ ከተመረጠ ድንጋይ መቋቋሙም አብሮ ይመጣል። ቸርኬ መቀየር የግድ ከሆነ 8 ኢንች ከ20 ወይም ከ25 ኦፍሴት ጋር፣ የመሐል ቀዳዳው 106።

የቀረው ስኮርቱ ነው። የ776 ሚሊ ሜትር ስኮርት ከ831 ጎማ ጋር በኋላ አክስል ከታሰረ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማርሾች ቀጥ ባለ መንገድም ሳያርፉ ይሽከረከራሉ፤ ዘይቱ ይግላል። በአራት ጎማ መንዳት ደግሞ የፊትና የኋላው እኩል ለመዞር ተቆልፈው ሳለ አንዱ ጎማ በ7 በመቶ ስለሚያንስ ደረቅ መሬት ላይ ትራንስፈር ኬዙ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ክፍል) ይወጠራል። አምስተኛ ጎማ ለመግዛት አቅም ያጣ ሰው፣ የፈነዳው የኋላው ቢሆን እንኳ ትልቁን ከፊት ነቅሎ ወደ ኋላ ያዛውር፣ ትንሹን ከፊት ይሰር፣ በሁለት ጎማ ብቻ፣ ከ80 በታች፣ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ይሂድ። ይህ ዘዴ የፊት ጎማው ሲፈለግ ብቻ ለሚያያዝለት ለሒሉክስ ነው፤ ሁልጊዜ በአራቱም ለሚነዳው ፕራዶ አይሠራም። ሌላም ነገር አለ፦ ስኮርቱ የፋብሪካው አሎይ ከሆነና ዳዶዎቹ ለአዲሱ ቸርኬ ተብለው ወደ ኮን ከተቀየሩ፣ መንገድ ላይ የሚታሰርበት ዳዶ የለም። ስድስቱ ባለ ሮንዴላ የድሮ ዳዶዎች በጨርቅ ተጠቅልለው ከክሪኩ ጋር ይቀመጡ።